የጎረምሳ አውራ ዶሮ ዝርያና ጠባይ

ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ አውራ ዶሮ ሲሸጥ ዝርያው የሚነገረው በላባው ቀለም ነው። ቀይ ከሆነ ሳሶ፣ ግራጫና ነጭ ሰረዝ ካለው ኮኮክ፣ ድፍን ነጭ ከሆነ ደግሞ በደፈናው የፈረንጅ ይባልና ዋጋው በዚያው ልክ ይቆረጣል። በጠባዩም ላይ እንዲሁ በችኮላ ይፈረድበታል። አምስት ወር እንኳ በቅጡ ያልሞላው ጎረምሳ አውራ ሕፃን ልጅ ላይ ክንፉን ከዘረጋ ክፉ ነው ተብሎ ለበዓል ይታሰባል፤ ጥግ ይዞ ዝም ካለ ደግሞ ጨዋ ነው ተብሎ ለዘር ይቀራል። ደሴ ውስጥ በግቢዬ ዶሮ አረባለሁ፤ የአውራ ዶሮ ነገርም ከልቤ የምከታተለው ጉዳይ ነው። ሁለቱም ፍርዶች ከጊዜያቸው ቀድመው እንደሚሰጡ በጽኑ አምናለሁ። የላባ ቀለም ብቻውን ዝርያን አያሳይም፤ በጉርምስና ወራት የሚታይ ጠባይም ዶሮው ጎልምሶ የሚኖረውን ጠባይ በእርግጠኝነት አይናገርም።

ከሀበሻው ልጀምር። የሀበሻ ዶሮ የምንለው አንድ ወጥ ዝርያ ሳይሆን በገበሬው ጓሮ ለብዙ ዘመን እርስ በርሱ ሲዳቀል የኖረ ስብጥር ነው። ገብስማ፣ ተረተርማ፣ ወሰራ፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር እያልን የምንለያቸው በመልካቸው እንጂ በዝርያቸው አይደለም፤ አንዲት ዶሮ አቅፋ ከፈለፈለቻቸው ወንድማማቾች አንዱ ገብስማ፣ ሌላው ቀይ፣ ሦስተኛው ነጭ ሆኖ ሊያድግ ይችላል። መላጣ አንገቱም ቢሆን በአንድ ዘረ መል ምክንያት አንገቱ ላይ ላባ የማያወጣ ዶሮ ነው። ይህ ዘረ መል ከአንድ ወላጅ ብቻ ሲወረስም ይገለጣል፤ በመላው ሰውነት ላይ ያለውን ላባም ስለሚቀንስ ዶሮው ሙቀትን በተሻለ ይቋቋማል። ከሀበሻው መካከል በሳይንሳዊ ምርጫ ትውልድ በትውልድ ሲሻሻል የቆየው የሆሮ ዶሮ ሲሆን፣ ሥራው እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የተካሄደ ነው። ወደ እኛ አካባቢ ስንመለስ ኮምቦልቻ የዶሮ ብዜት ማዕከል ያለባት ከተማ ናት፤ የተሻሻሉ ዝርያዎች ወደ ገበሬው ጓሮ ሲገቡ ስለኖሩም በገበያችን የምናየው ቀይ ወይም ሰረዛማ አውራ ብዙ ጊዜ ክልስ ነው ብሎ መነሳት ይሻላል።

ቀይ አውራ ሳይ በመጀመሪያ የምመለከተው ጀርባውን ነው። ሮድ አይላንድ ሬድ ጀርባው ረጅምና ጠፍጣፋ፣ ሰውነቱ ከጎን ሲታይ አራት ማዕዘን የሚመስል ነው፤ ቀለሙ ወደ ጥቁርነት የሚጠጋ ጥልቅ ቀይ ሲሆን፣ ጥቁር ጭራው በፀሐይ ላይ አረንጓዴ ያብለጨልጫል፤ የጎለመሰ አውራው ወደ 4 ኪሎ ይጠጋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛትና በአካባቢው የወጣ ዝርያ ሲሆን፣ ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከሌግሆርን፣ ከኒው ሃምፕሻየርና ከአውስትራሎርፕ ጋር በጅማና በሐረማያ የግብርና ትምህርት ቤቶች በኩል ነው። የሀበሻው ቀይ አውራ ግን ቀለሙ ምንም ቢቀራረብ ደረቱ ጠበብ፣ እግሩ ረዘም፣ አቋሙ ቀና ያለ በመሆኑ ከሩቅ ይለያል። ሳሶ ደግሞ ከሁለቱም በእግሩ ውፍረትና በደረቱ ስፋት ይታወቃል። ከሁሉም በላይ ግን ሳሶ በፈረንሳይ አርቢዎች ከተመረጡ የወላጅ መስመሮች ተዳቅሎ የሚመጣ ዲቃላ እንጂ ንጹህ ዝርያ አለመሆኑን መረዳት ያስፈልጋል። ሁለት ሳሶ አዳቅለው ሳሶ አገኛለሁ የሚሉ ጎረቤቶች አሉኝ፤ የሚወለዱት ጫጩቶች በቀለምም፣ በዕድገት ፍጥነትም፣ በእንቁላል ብዛትም ከወላጆቻቸውና እርስ በርሳቸው ይለያያሉ። ስለዚህ ገበያ ላይ «ከሳሶዬ የተፈለፈለ ንጹህ ሳሶ ነው» የሚል ሻጭ ውሸታም ባይሆንም የሚሸጠው ሌላ ነገር ነው።

በዝርያም በፆታም ለመለየት እጅግ የሚያስደስተኝ ፖቸፍስትሩም ኮኮክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በደቡብ አፍሪካ ፖቸፍስትሩም ከተማ ከጥቁር አውስትራሎርፕ፣ ከነጭ ሌግሆርንና ከሰረዛማው ፕሊማውዝ ሮክ የወጣ ሲሆን፣ በጥቁርና በነጭ የተሰመሩ ላባዎቹ መለያው ናቸው። ሰረዙን የሚያወጣው ዘረ መል የሚገኘው ፆታን በሚወስነው ክሮሞዞም ላይ ነው፤ በአእዋፍ ዘንድ ከዚህ ክሮሞዞም ሁለት ያለው ወንዱ ሲሆን ሴቷ ያላት አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ወንዱ የሰረዙን ዘረ መል ከሁለቱም ወላጆቹ በእጥፍ ስለሚወርስ ነጩ ሰረዝ ይሰፋበትና ከርቀት ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ ሴቷ ግን ጠቆር ብላ ትቀራለች። ልዩነቱ በተፈለፈሉበት ዕለት እንኳ ይታያል፤ ጥቁሩን ጫጩት በመዳፍ ይዞ አናቱን ከላይ ለተመለከተ ሰው፣ የወንዱ ነጭ ምልክት ሰፊና ጠርዙ የተበተነ፣ የሴቷ ደግሞ ጠባብና የተሰበሰበ ነው። በገበያችን ግራጫውን አውራ ከጥቋቁሮቹ እህቶቹ ለይቶ ሌላ ዝርያ አድርጎ መግዛት የተለመደው ይህ ነገር በደንብ ስላልታወቀ ይመስለኛል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ኮኮክ አውራ ሰረዝ ከሌላት የሀበሻ ዶሮ ጋር ሲዳቀል ወንዶቹም ሴቶቹም ሰረዛማ ሆነው ሊወጡ ስለሚችሉ፣ ሰረዙን ብቻ አይቶ ንጹህ ኮኮክ ነው ማለት አያስኬድም።

ነጭ አውራን በተመለከተ ያለው ግራ መጋባት ከሁሉም የባሰ ነው። የሌግሆርን አውራ ነጭ ነው፤ ቀለል ያለ፣ ንቁ፣ 2.7 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ የአናቱ ቀይ ሥጋ ትልቅና ነጠላ፣ የጆሮው ሥጋ ነጭ የሆነ ነው። ለሥጋ የሚረቡት ኮብ 500 እና ሮስ 308ም ነጭ ናቸው፤ እነዚህ ግን ደረታቸው እጅግ ሰፊ፣ አካሄዳቸው ከባድ ስለሆነ ከሌግሆርን ጋር መምታታት የለባቸውም። ብዙ ሰው የማያውቀው ሦስተኛው ነጭ አውራ የእነ ቦቫንስ ብራውንና የእነ ሎህማን ብራውን ወንድም ነው። እነዚህ ቡናማ እንቁላል ጣዮች የሚዳቀሉት ሴቶቹ ቡናማ፣ ወንዶቹ ነጣ ያሉ ሆነው እንዲፈለፈሉ ስለሆነ፣ ከጫጩቶቹ መካከል ተሳስቶ የገባ ነጭ ካለ ወንድ ነው። ፋዮሚን ግን ከማንም ጋር ማምታታት አይቻልም። የግብጽ ፋዩም አካባቢ ዝርያ ሲሆን አንገቱ ብርማ፣ ሰውነቱ በጥቁር ነቁጥና ሰረዝ የተሞላ፣ ቅልጥሙ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ፣ ክብደቱም ከ2 ኪሎ ብዙም የማያልፍ ትንሽና ፈጣን አውራ ነው።

ከቀለም ይልቅ የማምነው የእግርን፣ የአናትንና የጆሮን ምልክት አንድ ላይ አድርጎ ማየትን ነው። ቢጫ ቅልጥም የሚመጣው ከዘርም ከመኖም ነው፤ ዘሩ ኖሮት በቆሎና አረንጓዴ ቅጠል ያልበላ ዶሮ እግሩ ሊገረጣ ይችላል፣ ዘሩ የሌለው ግን ምንም ቢበላ ቢጫ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የዘረ መል ጥናት ቢጫ ቆዳ ለማዳ ዶሮ በዋናነት ከተገኘበት ከቀዩ የዱር ዶሮ ሳይሆን ከግራጫው የደቡብ እስያ የዱር ዶሮ የመጣ መሆኑን አሳይቷል። የአናቱን ሥጋ ስንመለከት ደግሞ ሮድ አይላንድ፣ ሌግሆርንና ኮኮክ በብዛት የሚታወቁት እንደ መጋዝ ጥርስ ባለው ነጠላ ነው፤ በሀበሻው ዘንድ ግን ዝቅ ብሎ በሦስት ረድፍ የተደረደረው ዓይነት በብዛት ይገኛል። ይህ ለመልክ ብቻ አይደለም፤ ትልቁ ነጠላ የአናት ሥጋ የሰውነት ሙቀት የሚወጣበት በመሆኑ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ላለችው ኮምቦልቻ ይመቻል፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ጦሳ ተራራ ሥር ለምትገኘው ደሴ ግን ዝቅ ያለው ዓይነት የሚያባክነው ሙቀት ያነሰ ነው።

አሁን ወደ ጎረምሳው ልምጣ። ጫጩቱ ወንድ መሆኑን ብዙ ሰው የሚያውቀው በአናቱ ሥጋ መቅላት ሲሆን፣ በነጠላዎቹ ዝርያዎች ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ወንዱ ከእህቶቹ ቀድሞ ይቀላል። ዝቅ ያለ የአናት ሥጋ ባላቸው የሀበሻ ጫጩቶች ላይ ግን ይህ ምልክት ዘግይቶ ስለሚታይ ብቻውን አይታመንም። የሚታመነው ላባው ነው። 3 ወር ገደማ ሲሞላው ከወገቡ ላይ ከጭራው ሥር ያለውን ላባ በጣት ገለጥ አድርጎ ማየት ነው፤ የሴቷ ጫፉ ክብ ነው፣ የወንዱ ግን ቀጭን፣ ረጅም፣ ጫፉ የሾለና የሚያብረቀርቅ ሆኖ በሁለቱም ጎን ይወርዳል። አዲሱ የሾለ ላባ ከአሮጌው ድቡልቡል ላባ መካከል አንድ ሁለት እያለ ብቅ ማለት የሚጀምርበትን ሳምንት ያየ ሰው ከዚያ በኋላ በፆታ አይሳሳትም። ዕድሜውን ለመገመት ደግሞ ከቅልጥሙ በስተኋላ የሚወጣውን ሹል ቀንድ መዳሰስ ይጠቅማል፤ በጎረምሳው ላይ ትንሽ ጉብታ ብቻ ሲሆን ከዓመት በላይ በሆነው ላይ ረዝሞና ጠንክሮ ይገኛል። በበዓል ሰሞን ለስላሳ ጎረምሳ ነው ተብሎ የሚቀርብልን አውራ እውነተኛ ዕድሜው የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው።

ወንድ ጫጩቶች መተያየትና አንገት ለአንገት መጋጠም የሚጀምሩት ገና በጥቂት ሳምንት ዕድሜያቸው ነው። የአንገት ላባቸውን አቁመው፣ ፊት ለፊት ተፋጥጠው፣ አንድ ሁለቴ ዘለው ይለያያሉ፤ ደም ካልፈሰሰ በቀር ጣልቃ መግባት አያስፈልግም፣ ማን ማንን እንደሚያስቀድም የሚወስኑት በዚህ ነው። ይህን የመንቆር ተዋረድ በጥናት የገለጸው የኖርዌዩ ሊቅ ቶርሌፍ ሼልደሩፕ ኤበ ሲሆን ሥራውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው። አብረው ያደጉ ወንድማማቾች ደረጃቸውን ከለዩ በኋላ በአንድ ግቢ በሰላም ሊኖሩ ይችላሉ። አንዱን ለሳምንታት ለይቶ አስሮ መመለስ ግን ጠቡን እንደ አዲስ ይቀሰቅሳል፤ ስለዚህ ጎረምሳን «እንዲበርድለት» ብሎ መለየት ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ተቃራኒውን ነው።

ጩኸቱም ከዚሁ ተዋረድ ጋር የተያያዘ ነው። አብዛኞቹ ከ4 እስከ 5 ወር ላይ ይጮኻሉ፤ ፋዮሚ ከዚህ በጣም ይቀድማል፣ ሌሎች ደግሞ ይዘገያሉ። የጃፓኑ ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 አውራ ዶሮ ሊነጋጋ ሲል የሚጮኸው ብርሃን አይቶ ብቻ ሳይሆን በሰውነቱ ውስጥ ባለ የጊዜ ቆጠራ መሆኑን አረጋገጡ፤ በ2015 ደግሞ በቡድኑ ውስጥ ቀድሞ የሚጮኸው የበላዩ አውራ እንደሆነና ሌሎቹም በደረጃቸው ቅደም ተከተል እንደሚከተሉት አሳዩ። ይህን የሚያውቅ ሰው ጎረምሳው ለምን ዘገየ ብሎ አይጨነቅም። ትልቅ አውራ ባለበት ግቢ ያለ ጎረምሳ ድምፁን አፍኖ ሊቆይ ይችላል፤ ትልቁ በተሸጠ ማግሥት ግን ያ ዝምተኛ ጎረምሳ በተሰነጠቀ ድምፅ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ ይሰማል። ጨዋ የተባለው ዝምታው የጠባይ ሳይሆን የደረጃ ነበር። ዝምታው ከአናት ሥጋ መገርጣት ወይም መጥቆር ጋር ከመጣ ደግሞ በሽታ ነውና በተለይ ፈንግል በሚገባበት ወቅት በቸልታ ሊታለፍ አይገባም።

ጎረምሳን ከሁሉም በላይ የሚያስጠላው ለሴቶቹ ያለው አቀራረብ ነው። የጎለመሰ አውራ አንዲቱን ዶሮ ከመስረሩ በፊት አንዱን ክንፉን ወደ መሬት ጥሎ በጎኑ ይዞራታል፤ ጥሬ ሲያገኝም ራሱ ሳይውጥ በምንቃሩ እያነሳ እየጣለ፣ ፈጠን ባለ ዝቅተኛ ድምፅ ሴቶቹን ይጠራል። ጎረምሳው ይህን ሁሉ ሳያውቅ ከኋላ ሮጦ፣ የአንገቷን ላባ ነክሶ፣ እየጮኸች ያንከባልላታል። እዚህ ላይ ሴቶቹ ራሳቸው አስተማሪዎች ናቸው፤ ትልልቆቹ ዶሮዎች ይነቁሩታል፣ ይሸሹታል፣ ትልቁ አውራም ያባርረዋል። በግቢዬ ካሉት ጎረምሶች አንዱ የማሽላ ፍሬ አንስቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠራ አይቻለሁ፤ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር፣ ፍሬዋን ሁለት ጊዜ ጣላት፣ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ቀረና ራሱ ዋጣት። ቆየት ብሎ በድጋሚ ሲሞክር አንዲት ቄብ ቀርባ ከእግሩ ሥር ለቀመችለት። ይህን የሚሞክር ጎረምሳ ለእኔ በክብደት ከሚበልጠው ወንድሙ ይልቅ ተስፋ ያለው ነው፤ ምግብ አግኝቶ የሚጠራ አውራን ሴቶቹ በፈቃዳቸው ይቀርቡታል፣ ጀርባቸውም ላባ አልባ ሆኖ አይቀርም።

ሌላው የምከታተለው የማስጠንቀቂያ ድምፁን ነው። አውራ ዶሮ ከሰማይ ለሚመጣ ጠላትና በመሬት ለሚመጣ ጠላት የተለያየ ድምፅ አለው። ጭልፊት ሲያንዣብብ ቀጭንና ረዘም ያለ ድምፅ ያሰማና ሁሉም ባለበት ይደፋል ወይም ቁጥቋጦ ሥር ይገባል፤ ውሻ ወይም ሸለምጥማጥ ሲመጣ ግን የሚቆራረጥ ከፍተኛ ጩኸት ያሰማና ሁሉም አንገቱን ቀና አድርጎ ያያል። ጎረምሳው መጀመሪያ ላይ ለእርግብም ለሚበር ፌስታልም ይጮኻል። በወራት ውስጥ ግን እየለየ ይሄዳል፤ ትልቅ አውራ አብሮት ያለው ጎረምሳ ቶሎ እንደሚለይ በግቢዬ አስተውያለሁ።

ሰውን የማጥቃት ነገር በጥንቃቄ መታየት አለበት። ከ4 ወር በኋላ የወንዴ ሆርሞኑ ሲጨምር ጎረምሳው ደረጃውን ከሰው ጋርም ለመለካት ይሞክራል፤ ክንፉን ጥሎ በጎኑ ወደ ሰው ከዞረ ያ ፍቅር ሳይሆን ፈተና ነው። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ጎረምሳቸው ልብሳቸውን ነክሶ ሲይዝባቸው ቢላ እስከማውጣት ደርሰው ነበር። «አብሽሩ እትዬ፣ ገና ልጅ ነው፤ ብቻ አይሽሹለት» ስላቸው «ልጅ ከሆነ ለምን እኔን ይመርጣል?» አሉኝ። የመረጣቸው ጥሬ በእጃቸው እያጎረሱ ለብቻው ስላሳደጉት ነበር፤ ሰውን እንደ መንጋው አባል የሚቆጥር አውራ የመፍራት ልማድ የለውም። እርምጃው ቀላል ነው፤ መርገጥም መምታትም ጠቡን ስለሚያባብሰው አያስፈልግም፣ መሸሽም ድል ስለሚሰጠው አይገባም። ባለበት ቆሞ፣ ረጋ ብሎ ወደ እሱ መራመድ፣ አስፈላጊ ሲሆንም ክንፉን ሰብስቦ ብብት ሥር ይዞ እስኪረጋጋ መቆየት በቂ ነው። ከዚያ በኋላ ጥሬው ከእጅ ሳይሆን ከመሬት ይበተንለት። ሕፃናት ባሉበት ቤት ግን ትዕግሥት ወሰን አለው፤ ዘሎ ወደ ፊት የሚመጣ አውራ ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል ልጆቹ ብቻቸውን ወደ ዶሮዎቹ መሄድ የለባቸውም፣ ዓመት ሞልቶትም የማይመለስ ከሆነ ለዘር መቅረት የለበትም። ጠባይ በከፊል ይወረሳልና የሱ ልጆች በሌላ ሰው ግቢ ሌላ ልጅ ላይ ይዘላሉ።

ምርጫውን በሁለት ጊዜ መክፈል የሚሻለው ለዚህ ነው። በእድገቱ፣ በእግሩ ቀጥተኛነትና በዝርያ ምልክቶቹ ጉድለት ያለበት በ4 እና በ5 ወር ሊለይና ሊሸጥ ይችላል፤ ለዘር የታሰበው ግን ከአንድ በላይ ሆኖ ቢያንስ እስከ 8 ወር ቢቆይ ጠባዩ በግልጽ ይታያል። የመኖው ወጪ እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ሆኖም መንጋውን ለዓመታት የሚወስነው ይኸው አንድ አውራ ነው። ለ8 ወይም ለ10 ሴቶች አንድ አውራ ይበቃል፤ አውራው ከዚያ ሲበዛ የሴቶቹ ጀርባ ይላጣል፣ ከቆጥ ላይ መውረድም ይፈራሉ። የራሱን እህቶችና ልጆች እንዳይሰርርም ከሌላ ሰፈር ከታመነ አርቢ ጋር አውራ መለዋወጥ ጥሩ ነው፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ካለው ከሐረጎ በታችና በላይ ያለን ሰዎች ይህን ብናዘወትረው ለሁለታችንም ይበጃል።

አውራ ሲቀየር የእንቁላሉን ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። ዶሮ የአውራውን ዘር በሰውነቷ ውስጥ ለ2፣ አንዳንዴም ለ3 ሳምንት ይዛ ትቆያለች፤ በዚህ ጊዜ የምትጥለው እንቁላል ከአሮጌው አውራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አሮጌው ከወጣበት ቀን ጀምሮ 3 ሳምንት ሙሉ የሚጣለው እንቁላል ለምግብ ይዋል፤ ለእናት ዶሮ የሚቀመጠው ከዚያ በኋላ የሚሰበሰበው ነው።